በእኅቴ ስም ያነሣሁት እጅ

ቅዳሜ ዕለት ከምሳ በኋላ፣ ስልክ ታቅፌ እንደተቀመጥኩ፣ ሕልም አየሁ።

ስልኩ የእኅቴ የትርንጎ ነው። ትርንጎ ነርስ ናት፤ ዲግሪዋን በኢንተርኔት ትማራለች። ሥራ ላይ ተረኛ በሆነች ቀን ትምህርቱን እኔ እተካታለሁ። «ቢራራ፣ ስሜ ሲጠራ ‹አለሁ› ብለህ መጻፍ ብቻ ነው። ከእንግዲህ አንድ ቀን ከቀረሁ እሰረዛለሁ፤ አደራህን!» ብላኝ ወጣች። እኔ ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም። ‹አለሁ›ን ግን አልሳሳትም።

በሕልሜ አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። መምህራኑ እንደ ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ ተማሪዎቹ ስማቸውን እየጠሩ ይቆጣጠሯቸዋል። የትርንጎ መምህር ዶክተር ወንድይፍራው አፋቸውን ከፈቱ። ድምፅ የለም።

«ድምፁ ነገ ይደርሳል» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠ በግ። ከጥራት ኮሚቴ የተላከ ነበር።

ወዲያው ነገ ሆነ። ድምፃቸው በአህያ ተጭኖ መጣ።

«ይሰማል? ጌታዬ፣ ይሰማል?» አሉኝ። እኔን! «ስላይዱ ጠፋብኝ።»

«እንግዲያው ከስላይዱ ውጭ የሚያውቁትን አንዲት ነገር ይንገሩን» አልኩ። በእውኔ ዳቦ ስገዛ እንኳ ድምፄ አይወጣም።

ዶክተሩ አለቀሱ። በጉ ቅጹ ላይ «በጣም ጥሩ» የሚለው ጋ የራይት ምልክት አደረገ።

«ምኑ ነው በጣም ጥሩ?»

«ሌላ ሳጥን የለውም» አለና ቅጹን በላው።

ልቃወም እጄን አነሣሁ። አልወርድ አለኝ። አዳራሹ ጤና ጣቢያ ሆነ። በሽተኞቹ ነጭ ጋዋን ለብሰው ትርንጎን አስተኝተዋታል።

«እጅህን አውርድ፣ ታስነቃብኛለህ!» አለችኝ።

በግራ እጄ ቀኙን ጎተትኩት። ንቅንቅ አይልም። አንድ ሽማግሌ በሽተኛ በሜትር ይለካኝ ጀመር።

«የሴት ስም ለብሷል። ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። አንተ፣ ማን ነህ?»

‹አለሁ› ብዬ ልጽፍ ብል ፊደሉ ሁሉ ጠፋኝ።

ብንን አልኩ። ስልኩ ከጉንጬ ሥር ነበር። ጉንጬ ያልነካው ነገር የለም፤ በትርንጎ ስም ላይ ቢጫ እጅ ተነሥቷል፤ ማይኩም ተከፍቷል።

«ትርንጎ፣» አሉ ዶክተር ወንድይፍራው፤ ድምፃቸው ደስ ብሎታል፤ «እጅሽን ካነሣሽ ሩብ ሰዓት ሆነሽ እኮ። ዘንድሮ እጁን ያነሣ ተማሪ ሳይ አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ። በይ፣ የሚያንኮራፋውን ሰውዬ ቀስቅሺውና ጠይቂኝ፤ ሁላችንም እየጠበቅንሽ ነው።»