የሾርባ ሠሪው ሁለተኛ ዓይን

ትናንት ከምሳ በኋላ ከመሰላሉ ሥር ጋደም እንዳልኩ ሕልም አየሁ። ሕልሙን ከመናገሬ በፊት ግን ምን እያብከነከነኝ እንደተኛሁ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ሰዓሊ ምንይችልን ፀሐይ መታው ትላላችሁ።

ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ አዲስ የተሠራ፣ ገና ያልተባረከ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እየሣልኩ ነው። ወጪውን የቻለው አቶ ይርሳው የሚባል ባለሀብት ነው። በምላሹ የጠየቀው ከእመቤታችን እግር ሥር ተንበርክኮ እንዲሣል ብቻ ነው። በእኛ ሙያ ደግሞ ደግ ሰው ፊቱን ሙሉ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉ ሰው በጎን ይሣልና አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ከእመቤታችን እግር ሥር ባለ አንድ ዓይን አይንበረከክም። አቶ ይርሳው ይህን ደንብ አያውቅም። እኔ ግን እሱን አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ አንጓች የምትባለውን እህቴን ከነልጆቿ ከቤቷ አስወጥቶ ቦታው ላይ መጋዘን የገተረ እሱ ነው። ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ አለቃ መጥተው ባለሀብቱ ከሰዓት በኋላ ሊያየው ስለሚመጣ ቶሎ እንድጨርስ ነገሩኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለቴ አንገበገበኝና ቦታውን ባዶ እንደተውኩት ተኛሁ።

ዓይኔን ከመክደኔ አንድ ቱርክ ከግድግዳው ላይ ወረደ። ሰማዕታቱን ከሚያሳድዱት መካከል ባለፈው ሳምንት የሣልኩት፣ ባለ ጥምጥሙና ባለ ጠመንጃው ነው። በጎን ስለሣልኩት በጎን ብቻ ነበር የሚራመደው።

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቱርክ ስትሥል አንድ ቱርክ አይተህ ታውቃለህ?" አለኝ።

እውነቱን ለመናገር አይቼ አላውቅም። ከአባቴ ነው የተማርኩት፤ አባቴም ከአባቱ።

"እድሪስ እባላለሁ፤ ሾርባ ሠሪ ነኝ። ጠመንጃ ያስያዝከኝ አንተ ነህ። በል ተነሥ፣ ሱልጣኖቹ ቆመው ይጠብቁሃል።"

ኢስታንቡል ከበሩ ወዲያ ነበረች። ባሕሩ ሰማይ ላይ ተዘርግቶ መርከቦቹ ከራሳችን በላይ ሆዳቸውን እያሳዩ ያልፋሉ። ሕንፃዎቹ በጣራቸው ቆመዋል፤ ጉልላቶቹ መሬት ላይ እንደ ገበቴ ተዘርግተው ልጆች ይንቦጫረቁባቸዋል። በቤተ መንግሥቱ አትክልት ቦታ ቱሊፕ የሚባሉት ቀያይ አበቦች ሹማምንቱን ይኮተኩታሉ። ሹማምንቱ እስከ ጉልበታቸው አፈር ውስጥ ገብተው ውሃ ይለምኑ ነበር። አንዲት አበባ ይኼኛው ሥር አልያዘም ብላ አንዱን ነቅላ ጣለችው።

ድሮ በዚያ አገር የየሙያው ሰው በሱልጣኑ ፊት በሰልፍ ያልፍ ነበር አሉ። አሁን ዙፋኑ ላይ ጀልባ ቀዛፊዎችና ልብስ አጣቢዎች ተደርድረው፣ የስድስት መቶ ዓመት ሱልጣኖች በፊታቸው ሙያቸውን እያሳዩ ያልፋሉ። አንዱ አዋጅ ያነባል፣ አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ዝም ብሎ ያስፈራል። ቀዛፊዎቹ በጨዋ ደንብ ያጨበጭቡላቸዋል። አንደኛው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ይህ ሙያ እንጀራ ይሆናል ወይ ሲል ጠየቀኝ። ገበያው ቀዝቅዟል አልኩት።

ትልቅ ጥምጥም የጠመጠሙ አንድ ሱልጣን ወለሉ ላይ ተቀምጠው ቀለሜን ይፈጩልኝ ነበር።

"ሰዓሊ፣ ሰማያዊው ላመልዎት?" አሉኝ።

"አልላመም፤ ድገመው" አልኩ። ለካ ሱልጣንን አንተ ማለት እንዲህ ይቀላል።

ከዚያ ሠላሳ ዓመት በጎን የሣልኳቸው ቱርኮች በሙሉ ተሰልፈው መጡ። ወታደር ያልኳቸው ለካ አትክልተኛ፣ ሸክላ ቀቢና ደብዳቤ ጸሐፊ ኖረዋል። ሁሉም የሚፈልጉት ሁለተኛ ዓይናቸውን ነው። በጣም አፈርኩ። ብሩሼን አነሣሁና መጀመሪያ ለእድሪስ ሣልኩለት። ዞር ሲል ሚስቱን አየ፤ ለካ ያን ሁሉ ዘመን በግራው ቆማ ስታናግረው ኖራለች።

"አንቺ ነሽ እንዴ?" አላት። ሁለቱም ሲያለቅሱ እኔም አለቀስኩ።

መለከት ተነፋ። ከሱልጣኑ ቀጥሎ ያለው ሹም፣ ታላቁ ቪዚር፣ የወርቅ ካባ ለብሶ በነጭ ፈረስ መጣ። ፈረሱን አወቅሁት፤ ግድግዳው ላይ የሣልኩት የራሴ ሥራ ነው። ቪዚሩ ቀረብ ሲል አቶ ይርሳው ሆኖ ቁጭ። የሱልጣን ማኅተም እንደ ሐረግ የተጠላለፈበት አዋጅ ዘርግቶ ሁለት ዓይን እንደሚገባው አነበበልኝ። ዞር ብዬ ሱልጣኑን አየሁ።

"እኔ ቀለም ፈጪ ነኝ፤ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት" አሉኝ።

ብሩሼ ላይ ለአንድ ዓይን የሚበቃ ቀለም ነበር። ጠዋት እሺ ያለው አፌ ሌላም እሺ ሊል ተከፈተ። ያኔ ከሰልፉ ጫፍ እህቴን አንጓችን አየኋት፤ ፍራሿን ተሸክማ፣ ልጆቿን አስከትላ።

"ለእርስዎ ሁለተኛ ዓይን የለኝም" አልኩት።

እድሪስ ከዙፋኑ ፊት በአፉ ተደፍቶ ወደነበረ ትልቅ የሾርባ ድስት ሄደ። የቱርክ ወታደር ሲያምጽ የሾርባ ድስቱን ይገለብጥ ነበር ይባላል። እዚህ ግን ድስቱ ሁልጊዜ እንደተገለበጠ ነው፤ ያመጸ ሰው ነው የሚያቀናው። እድሪስ አቀናው፣ ትኩስ ሾርባም ሞልቶበት ተገኘ። ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው። ሱልጣኖቹ ጭልፋ ይዘው ማደል ጀመሩ፣ ቀዛፊዎቹ በትከሻቸው አነሡኝ፣ ሰማይ ላይ ያሉት መርከቦች መድፍ ተኮሱልኝ። ቪዚሩ ከነፈረሱ ሮጦ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ከተወለድኩ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

"ሰዓሊ!"

አቶ ይርሳው በጫማው ጫፍ እየነካካ ይቀሰቅሰኝ ነበር። አለቃ ከኋላው ቆመዋል። ከእመቤታችን እግር ሥር የተውኩት ባዶ ቦታ ትዝ ሲለኝ ላብ አጠመቀኝ። እሱ ግን ወደዚያ ዞሮም አላየ። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ቃኘና በቀጥታ ሄዶ ነጩ ፈረስ ፊት ቆመ። ፈረሱ ላይ ያለው የወርቅ ካባ የለበሰ፣ ባለ አንድ ዓይን የአሳዳጆቹ አዛዥ ነው፤ ሰይፍ መዞ ሰማዕታቱን ያባርራል።

"ይኼ እኔ ነኝ" አለ፣ ፊቱ በርቶ። "መንበርከኩን ትተህ ፈረስ ላይ አወጣኸኝ። አንተ ሰው ታውቃለህ።"

አለቃን አየኋቸው። ደንቡን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳል እንደያዘው ሰው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

"አዎ፣ እርስዎ ነዎት" አልኩት።

ስልኩን ለአለቃ ሰጥቶ፣ ከፈረሱ አጠገብ ልክ እንደ ሥዕሉ በጎን ቆሞ ፎቶ ተነሣ። ከዚያ ስሙን ከሥሩ እንድጽፍለት አዘዘኝ።

ከበር የሚነበብ አድርጌ በትልልቁ ጻፍኩለት። ብሩሼ ላይ የተረፈው ቀለም ለአንድ ዓይን ይበቃ ነበር፤ እሱን ግድግዳው ላይ ላለው እድሪስ ሰጠሁት።