አምስት ጥፋተኛ ያለበት ወረቀት

ጥፋት የሚወድ ሰው የለም። ብርጭቆ ሲሰበር በራሱ የወደቀ እናስመስላለን። ክፍል ውስጥ ጠመኔ የወረወረው ሁልጊዜ ያን ቀን የቀረ ተማሪ ነው። እኛ አገር ግን ነገሩ የሚገለበጥበት አንድ ጊዜ አለ። ሰው ተጎድቶ ሽማግሌ ከተቀመጠ፣ ሲሸሸው የኖረውን ጥፋት ሰዉ ሁሉ ይሻማበታል። አንዱ «እኔ ነኝ» ይላል፤ ሌላው «ኧረ እኔ ነኝ» ይላል። በር ላይ ቆመው «አንተ ግባ»፣ «አንተ ቅደም» ሲባባሉ ቁርሱ የቀዘቀዘባቸውን ሰዎች አይታችሁ ከሆነ፣ እንደዚያ ነው።

ይህ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብትሉኝ እኔ እንጃ። የማውቀው የኢንሹራንስ ቅጽ ላይ እንደማይገባ ብቻ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፤ ደስ ብሎኝ አይደለም፣ ያለሱ ታሪኩ ስለማይቆም ነው። ዘሀራ እባላለሁ፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ድምፄ ዝቅ ያለ ነው። ዝቅ ያለ ስል ጨዋ ነኝ ማለቴ አይደለም። አይሰማም ማለቴ ነው። መምህር ስም ሲጠሩ «አቤት» ብዬ፣ ቀሪ ተብዬ ተመዝግቤ አውቃለሁ። የተቀመጥኩት የፊተኛው ወንበር ላይ ነበር።

አባቴ ይመር ሾፌር ነው። ከሐይቅ ውጫሌ የሚሠራ አንድ ያረጀ ሚኒባስ አለን፤ ቤታችን የሚተዳደረው በእሱ ነው። የምንኖረው ከሐይቅ ትንሽ ወጣ ብሎ በውጫሌ መንገድ ስለሆነ፣ ጠዋት ጠዋት አባቴ ሥራ ሲጀምር እኔን ትምህርት ቤት በር ላይ ያወርደኛል። ረዳቱ ከተማ ስለሚያድር እስከዚያ ድረስ መኪናው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ያረጀ ስላልኩ የማይሄድ እንዳይመስላችሁ፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው። እኔ በምቀመጥበት በኩል ያለው የፊት በር ነው እንቢ ያለው። አልዘጋም ስላለ አባቴ በገመድ ያስረዋል፤ ስደርስ ወርዶ፣ ዞሮ፣ ገመዱን ፈትቶ ያወጣኛል። የክፍሌ ልጆች ይህን ካዩ ወዲህ ሰላምታቸው ተቀየረ። «ዘሀራ፣ ዛሬስ ማን ፈታሽ?» ይሉኛል። እኔም እስቃለሁ። የማይስቅ ሰው የባሰ እንደሚሳቅበት ታውቃላችሁ።

ከትምህርት ቤቱ በር በፊት፣ ሐይቁ ከሩቅ ብልጭ የሚልበት አንድ ኩርባ አለ፤ ኩርባው ላይ ትልቅ ዋርካ ቆሟል። ከዚያ ወርጄ በእግሬ ብሄድ ገመዱን የሚያይ አይኖርም ብዬ አሰብኩ። አስቤ አስቤ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ከፊት ከአባቴ ጎን ተቀምጬ፣ «አባ፣ ከዋርካው ጋ አውርደኝ» አልኩት።

አልኩት ስል ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ ማለቴ ነው።

«ምን አልሽ?» አለኝ።

እንዳይሰማኝ እየፈለግሁ ደገምኩለት። እንዲህ ያለ አነጋገር ደርሶባችሁ ያውቃል? ነገሩ እንዲሆን ትፈልጋላችሁ፤ መናገራችሁ እንዲታወቅ ግን አትፈልጉም። ስለዚህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አነሰ። አባቴ አንገቱን ወደ እኔ ሰበር አድርጎ ጆሮውን አቀረበልኝ። ዓይኑም ጆሮውን ተከትሎ መጣ።

ኩርባው ላይ ጋሽ ካሳው ነበሩ። ከሐይቁ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ፣ አባቴ ሲያልፍ ሁልጊዜ ጥሩምባ ነፍቶ ሰላም የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው። አህያቸው ላይ ጭድ ጭነው መንገድ እያቋረጡ ነበር። አባቴ ቀና ሲል «ያ አላህ!» አለ፤ መሪውን ጠመዘዘ፤ አህያዋን ሳተ፤ ጋሽ ካሳውን አልሳተም። ከዚያ ዋርካው ላይ ቆምን።

ስለዚያ ደቂቃ ብዙ አልጽፍም። ጋሽ ካሳው መሬት ላይ ወድቀው፣ አንድ እግራቸው እግር በማይዞርበት ዞሮ አየሁ። አባቴ በጉልበቱ ተንበርክኮ «አጠፋሁ ጋሽ ካሳው፣ ይቅር ይበሉኝ» ይላል። እሳቸው «ልጅቷስ ይመር? ልጅቷ ደህና ናት?» ይላሉ። አህያዋ የተበተነውን ጭድ ቆማ ትበላለች።

ደህና ነበርኩ። አንድም ቦታ አልተጫርኩም።

ጋሽ ካሳው ሆስፒታል ገቡ፤ ትራፊክ ፖሊስ መንገዱን በሜትር ለክቶ የአደጋውን ፕላን አነሳ፤ ሚኒባሳችን ፊቱ ተጨማዶ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ቆመ። እግራቸው በጀሶ ታስሮ ወደ ቤት ሲመለሱ፣ አባቴ ሽማግሌ ይዞ ሄደ። ሸህ እንድሪስ የሚባሉ፣ አባታቸውም አያታቸውም ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ አበጋር አሉን፤ ከጋሽ ካሳው ወገን ደግሞ የደብሩ ቄስ መጡ። ጋሽ ካሳው ግቢ፣ አልጋቸው በወጣበት ጥላ ሥር ተቀመጥን። ሸህ እንድሪስ ዱዓ አደረጉ፤ ቄሱ ጸለዩ፤ ሁላችንም ለሁለቱም አሜን አልን። እኔ የተጠራሁት ጽሕፈቴ ስለሚያምር እርቁን እንድጽፍ ነው። ለመናገር ማንም ጠርቶኝ አያውቅም።

ሽሚያው ተጀመረ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ መንገዱን አላየሁም» አለ አባቴ።

«ተው ይመር!» አሉ ጋሽ ካሳው ከአልጋቸው ላይ። «ከቁመቴ የበለጠ ጭድ ጭኜ፣ የሚመጣውን ሳላይ የገባሁ እኔ አይደለሁም?»

ሚስታቸው እትዬ ስንዱ ከጓሮ ሆነው «እሱን አትስሙት፣ እኔ ነኝ በማለዳ ሂድ ብዬ የነዘነዝኩት» አሉ። ቄሱ ጭዱን የሸጡት እሳቸው ስለሆኑ ከጥፋቱ ድርሻ እንዳላቸው ተናገሩ። ሸህ እንድሪስ ጢማቸውን ይዘው «ያን ዋርካ መንገድ ይጋርዳል፣ ይቆረጥ ሲባል አይነካም ያልኩ እኔ ነኝ። ጻፊ፣ ልጄ» አሉኝ።

ጻፍኩ። የአምስት ሰው ጥፋት በተራ በተራ፣ በቆንጆ ጽሕፈት። ሁሉም ፈረሙ። የኔን ግን አልጻፍኩም። የጠየቀኝ የለም፤ እኔም እጄን አላወጣሁም። ወረቀቱ ላይ ከታች ባዶ ቦታ ተርፎ ነበር፤ አሁንም ድረስ ያ ባዶ ቦታ ይታየኛል።

ከዚያ የኢንሹራንሱ ሰው ከደሴ መጣ። ቦርሳ የያዘ፣ ትሑት፣ የደከመው ጎልማሳ ነው። መኪናውን አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ የተጎጂውን ቃል ለመቀበል ጋሽ ካሳው ግቢ ደረሰ። አባቴ፣ ሸህ እንድሪስና እኔም እዚያው ነበርን። ጋሽ ካሳው እግራቸው እንደታሰበው አልጋጠመም፤ ደሴ ተወስደው እግራቸው ተከፍቶ ብረት ይግባበት ተብሏል። ያ ሕክምናም፣ የመኪናችን ጥገናም የሚጠብቁት የዚህን ሰው ቦርሳ ነበር።

አባቴ የእርቁን ወረቀት በኩራት አውጥቶ ሰጠው። ሥራ ያቀለለለት መስሎታል።

ሰውየው አነበበ። ገልብጦ ጀርባውን አየ። እንደገና አነበበ። «አቶ ይመር፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እርቃችን ነዋ!»

«ውሉ ላይ እኮ ለእኛ ሳታሳውቁ ጥፋተኛ ነኝ ብላችሁ አትፈርሙ ይላል።»

ሸህ እንድሪስ ጣልቃ ገቡ። «ታዲያ ሰው ገጭቶ ምን ይበል? ደህና ዋሉ ብሎ ይለፍ?»

«ይበል፣ አባቴ፣ ደግ አደረገ» አለ ሰውየው። «ግን እኔ የለመድኩት ሁሉም እኔ አይደለሁም ሲል ነው። ሁሉም እኔ ነኝ ካለ፣ ተመካክረው የሠሩት ይመስላል። እዚህ አምስት ጥፋተኛ አለ። ቅጼ ላይ ያለው ቦታ አንድ መስመር ነው። እንዲህ ይዤው ብሄድ ይጣራ ተብሎ ይቀመጣል፤ መቼ እንደሚነሳ እኔም አላውቅ።»

ጋሽ ካሳው ጀሷቸውን አዩ።

ሰውየው የፖሊሱን ፕላን ዘረጋ። «የፍሬን ምልክት የለም። ሾፌሩ ሰውየውን ያየው መጨረሻ ላይ ነው። ምን እያደረጉ ነበር፣ አቶ ይመር?»

«ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እሱን ሰምቻለሁ። ምን እያደረጉ?»

«መንገዱን አላየሁም።»

«ምን እያዩ?»

አባቴ ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«ስልክ?»

«ስልክ አልነካሁም።»

«እንቅልፍ ወስዶዎት ነው?»

«ወላሂ አይደለም።»

«ታዲያ መኪናው ውስጥ ሌላ ማን ነበር?»

አባቴ መሬት መሬት እያየ፣ «ልጄ ነበረች» አለ። «እሷን ግን እንዳትጠይቋት። ታፍራለች።»

ያኔ ነው የገባኝ። አባቴ ያውቃል። ለፖሊስ፣ ለሽማግሌ፣ ለጋሽ ካሳው «ጥፋቱ የኔ ነው» ባለ ቁጥር እኔን በጋቢው እየሸፈነ ነበር። እኔ ደግሞ ከጋቢው ሥር ሆኜ ጽሕፈቴን አሳምር ነበር።

እውነቱን ብናገር ኢንሹራንሱ ይከፍል እንደሆን አይከፍል አላውቅም ነበር። የማውቀው ሌላ ነው። ከተናገርኩ፣ ያን ቀን ለአባቴ ምን እያልኩት እንደነበር መናገሬ አይቀርም። አባቴ ያን ቃል እስካሁን አልሰማውም። እኔ በመኪናው፣ በገመዱ፣ ምናልባትም ዞሮ በሚፈታው ሰው እንደማፍር አያውቅም። ከእኔ መስማት አለበት፤ ያውም በሰው ፊት።

ተናገርኩ። ማንም አልሰማኝም።

«ምን አልሽ?» አለ ሰውየው፤ ብዕሩን እንደያዘ አንገቱን ወደ እኔ ሰበር አድርጎ ጆሮውን አቀረበ። ልክ እንደ አባቴ። አባቴም ቀረበ፤ ሸህ እንድሪስም ቀረቡ፤ ጋሽ ካሳው ሳይቀሩ ከአልጋቸው በክርናቸው ተነሡ። ይህን ጊዜ መሪ የያዘ ሰው አልነበረም።

«እኔን ለመስማት ዞሮ ነው» አልኩ። «ስናገር አልሰማኝም። ሁለት ጊዜ ተናገርኩ።»

«ምን እያልሽው ነበር?»

ይኸው መጣ። «ከዋርካው ጋ አውርደኝ እያልኩት ነበር። ከበሩ በፊት። ልጆቹ… የመኪናው በር በገመድ መታሰሩን እያዩ ይስቁብኛል።»

በሕይወቴ ጮክ ብዬ የተናገርኩት ረጅሙ ነገር ይህ ነው። አባቴ እጁን አየ፤ ገመዱን ጠዋት ማታ የሚቋጥረውን እጁን። ከዚያ፣ «አሁን ሰማሁሽ» አለ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ካሳው ወደ ሰውየው ዞሩ። «በል እንግዲህ፣ ጌታው፣ ስድስተኛዋን መዝግብ» አሉ።

ሰውየው አልሳቀም። ቅጹ ላይ በአንዱ መስመር «ሾፌሩ ልጁ የምትለውን ለመስማት ፊቱን ባዞረበት ጊዜ» ብሎ ጻፈና ቀና አለ። «አቶ ይመር፣ ይህን መጀመሪያ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ሆን ተብሎ ለሚደረግ ነገር መድን የለም። መድን የሚገባው እንዲህ ላለው ነው።»

ጊዜ ወሰደ እንጂ ተከፈለ። የጋሽ ካሳው እግር ብረት ገባለት። አሁን በከዘራ ይሄዳሉ፤ ያነክሳሉ፤ ወደፊትም ያነክሳሉ ተብሏል። ሚኒባሳችን አዲስ ፊት ለብሶ ከጋራዥ ወጣ፤ ከፊት ያየው ሰው አዲስ ነው ይላል። ከጎን ሲታይ ግን በሩ እንደ ድሮው ነው፤ ከአደጋው በፊት የተበላሸ ስለሆነ ኢንሹራንሱን አይመለከተውም ተባለ። ትክክል ነው። አባቴ አዲስ ገመድ ገዛ።

እንደገና ሥራ የጀመረበት ጠዋት፣ ዋርካው ጋ ስንደርስ መኪናው ቀስ ብሎ ቆመ። ምንም አላልኩም ነበር። አባቴ ወርዶ፣ ዞሮ፣ ገመዱን ፈትቶ «ውረጂ፣ ልጄ» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቅያሜ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ እዚያ ያወርደኛል። እኔም ቀሪውን መንገድ በእግሬ እሄዳለሁ። በጋሽ ካሳው ደጅ አልፋለሁ፤ «እንዴት አደሩ?» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ከዘራቸውን አንሥተው «አልሰማሁሽም!» ይሉኛል። እየሰሙኝ ነው።

እስከ ትምህርት ቤቱ በር እንዲያደርሰኝ ልነግረው ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ። መኪናው ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ ተናግሬአለሁም። አባቴ ግን ከአደጋው ወዲህ አንድ ነገር ለውጧል፤ መሪ ከያዘ ማንም ቢናገር ፊቱን አያዞርም። «ስንቆም ትነግሪኛለሽ» ይለኛል፤ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። ስንቆም ደግሞ ዋርካው ጋ ነን፤ እሱ ገመዱን ሊፈታ ወርዷል፤ የኔም ድምፅ ወርዷል።

ስለዚህ ጻፍኩት። ጽሕፈቴ እንደሚያምር ነግሬአችኋለሁ። ይህን ወረቀት ዛሬ ማታ መሪው ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ጠዋት ሞተር ሳያስነሣ ያገኘዋል፤ ቆሞ ያነበዋል።

አባ፣ ነገ እስከ በሩ አድርሰኝ። ገመዱንም እዚያው ፍታው።