ያልተለሰነው መስመር

ሰው ከሚኖርበት ቤት ይልቅ ጎረቤቱ የሚኖርበትን አሳምሮ ያውቃል። የጎረቤታችሁ ወጥ ጨው እንደበዛበት፣ የባልየው እህት ለምን እንዳኮረፈች፣ ከፈረስ ቤት ከተማ የመጣው እንግዳ ስንት ቀን እንደሚሰነብት ሳልጠይቃችሁ ትነግሩኛላችሁ። አልጋችሁን ያስጠጋችሁበት ግድግዳ ውስጥ ምን እንዳለ ብጠይቃችሁ ግን «ጭቃ ነዋ!» ከማለት በቀር መልስ የላችሁም። እኔም ያው ነኝ። እንዲያውም የባስኩ ነኝ፤ ሙያዬ ጂኦግራፊ ማስተማር ነው። የአባይን ገባሮች ጠመኔ ይዤ በቃሌ እስላለሁ፤ የገዛ ክፍሌ የመብራት ሽቦ ከየት ተነሥቶ በየት እንደሚያልፍ ግን እስካለፈው ነሐሴ ድረስ አላውቅም ነበር።

የምኖረው ቡሬ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ በቆመ አሮጌ የጭቃ ፎቅ ውስጥ ነው። በድሮ ዘመን አንድ ነጋዴ ለራሱ፣ ለእህሉና ለበቅሎዎቹ ብሎ ያሠራው ነው ይባላል። ዛሬ ስድስት አባወራ ተጋርተነዋል። ለእኔ የደረሰኝ የእህሉ ክፍል ይሁን የበቅሎዎቹ አጣርቼ አላውቅም፤ ማጣራትም አልፈልግም። መብራት ሲገባለት ጨርቅ የተጠመጠመበት ሽቦ ጭቃው ላይ እየተቸነከረ ነው የተዘረጋው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለዘመን መለወጫ ግድግዳው ይለሰናል። ልስን በልስን ላይ ሲደራረብ ሽቦው ተቀበረ፤ ሽቦውን የቸነከረው ሰውም ተቀበረ። አምፖሉ ግን ይበራል። የሚበራን ነገር ደግሞ ማን ይመረምራል?

ይህን ግድግዳ ከሃያ ዓመት በላይ የለሰኑልን እትዬ አንጓች ናቸው። እበቱን ከጭቃው ጋር አዋህደው በመዳፋቸው ሲያስኬዱት ግድግዳው ብርሌ ይመስላል። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባቸው፤ በየክፍላችን ግድግዳ ላይ ስፋቱ አንድ ስንዝር የሚሆን መስመር ሳይነኩ ይተዋሉ። መስመሩ ከበረንዳው ይነሣል፣ ምድር ቤት በርበሬ በሚነግዱት በወይዘሮ ዘሃራ በር በኩል ያዘቀዝቃል፣ ደረጃውን ተከትሎ እኔ ራስጌ ድረስ ይወጣል። በየዓመቱ እዚያው ቦታ። ሌላው ሲያበራ እሱ እንደጠቆረ ይቀራል።

ምን ትላላችሁ? እኛ ያላልነው የለም። ወይዘሮ ዘሃራ «ስንፍና ነው፣ ክንዳቸው ደክሟል» አሉ። ከደረጃው ሥር የሚኖሩት መሪጌታ ይኄይስ ደግ ሰው ናቸውና «ስለት ይኖርባቸው ይሆናል» አሉ። መተት ነው ብሎ የተንሾካሾከም አልጠፋም። እኔ ደግሞ በተማረ ሰው ወግ፣ «ግድግዳው እርጥበቱን የሚያስተነፍስበት ጥንታዊ ጥበብ ነው» የሚል ማብራሪያ አበጀሁለት። ለተማሪዎቼም አስተማርኩት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እንግዳ እንዳያይብን መስመሩን በካላንደርና በሠርግ ፎቶ እንሸፍነዋለን። ያላደረግነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ራሳቸውን አልጠየቅናቸውም። ነውር ነዋ! የሰውን ጉድለት ፊት ለፊት? ጨዋ ሰው እንዲህ አያደርግም። ጨዋ ሰው ከኋላ ነው የሚያማው።

ባለፈው ነሐሴ ሁለት ነገር ተገጣጠመ። መብራታችን ብልጭ ድርግም እያለ የተቃጠለ ጨርቅ ይሸት ጀመርና አሮጌውን ሽቦ እናስቀይር ብለን ከፍኖተ ሰላም ይበልጣል የሚባል ኤሌክትሪሺያን ጠራን። በዚያው ሰሞን እትዬ አንጓችን ለመተው ተስማማን። ከደምበጫ አንዲት ጎበዝ ልጅ ለቅዳሜ ተቀጠረች፤ መስመር የሚባል ሳታስቀር ልትለሰን። ለእሳቸው በጨዋ ደንብ «ዘንድሮ እንዳይደክሙ ብለን ነው» አልናቸው። እሳቸውም «እግዜር ይስጣችሁ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። በዓመት የሚጠብቁት ሥራ ይኸው መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ይበልጣል የመጣው ዓርብ ነው። «የሽቦው መንገድ የት ነው?» አለ። የጂኦግራፊ መምህር ባለበት ቤት ካርታ አይጠፋምና በገባኝ መጠን ስዬ ሰጠሁት። በካርታዬ መሠረት ሰባት ቦታ በመሮ ፈነቀለ፤ የተገኘው ጭድና አንድ የአይጥ ጎጆ ነው። ስምንተኛውን ሊጀምር የእኔን ካላንደር ከግድግዳው አነሣና ያልተለሰነውን መስመር በዓይኑ ተከተለ።

«ይህን ማን ሠራው?»

«እሱን ተወው፣ የአንዲት ሴትዮ ስንፍና ነው» አልኩት።

ወርዶ መብራቱን ከቆጣሪው ቆረጠና ተመልሶ ያልተለሰነውን መስመር በቢላ ፋቅ ፋቅ አደረገው። ሽቦው እዚያው ነበር፤ ጨርቁ በስብሶ መዳቡ አግጥጧል። መስመሩን ተከትሎ ከክፍል ክፍል ወረደ፤ ሽቦው አንዲት ጣት እንኳ ከመስመሩ አልወጣም። ካላንደሩ የተሰቀለበትን፣ ሽቦውን ለጥቂት የሳተውን ምስማር አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«መምህር፣ የነገዋ ልጅ ጭቃውን በእግሯ ረግጣ፣ በባዶ እግሯ ቆማ፣ በእርጥብ እጇ ይህን ልትለሰን ነበር?»

ያቺን ልጅ የቀጠርኳት እኔ ነኝ። እዚያው ቆሜ ደውዬ እንዳትመጣ ነገርኳት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ማታውኑ መሪጌታን አስቀድመን እትዬ አንጓች ዘንድ ሄድን። ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ያልጠየቅናቸውን ጠየቅናቸው።

«ይነዝረኝ ነበራ!» አሉ፣ እንዴት ይህ ይጠየቃል በሚል ድምፅ። «በመጀመሪያው ዓመት እስከ ትከሻዬ ያዘኝ። ያኔ ቤቱን ይዘውት ለነበሩት ሰውዬ ብነግራቸው፣ መብራት የገባበት ቤት እንዲህ ነው አሉኝ። እኔ ቤት መብራት የለ፣ ምን አውቄ? የሁሉም ቤት ጠባይ መስሎኝ። ከዚያ ወዲያ ጣቴን ቀስ አድርጌ እያስጠጋሁ፣ ሲቆነጥጠኝ እየተውሁ ነው የኖርሁ።»

ይበልጣል እግራቸውን አየ። «የላስቲክ ኮንጎ ጫማዎ ነው ያተረፈዎ» አላቸው። ወይዘሮ ዘሃራ «አፈር በበላሁ!» ብለው በሻሻቸው አፋቸውን ሸፈኑ። መሪጌታ ይቅርታ እንድንል አዘዙን፤ አልን። እትዬ አንጓችም «ምን አጠፋችሁ» አሉ። ያጠፋነውን ለመዘርዘር ግን ማንም አልደፈረም።

አዲሱ ገመድ በሦስት ቀን ተሠራ፤ በነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ፣ ዓይን በሚያየው ቦታ። አሮጌው ተነቅሎ ወጥቶ ተጠቅልሎ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። እትዬ አንጓች መጡ። ጭቃው ቦክቶ፣ እበቱ ተደባልቆ፣ የባልዲ ውሃ ቀርቦ ይጠብቃቸዋል። እሳቸው ግን መስመሩ ፊት ቆሙ እንጂ እጃቸውን አላነሡም። ይበልጣል ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚበራውን ቴስተር በመስመሩ ላይ ከላይ እስከ ታች አስኬደ፤ አልበራም።

«አይዞዎ፣ እዚህ ውስጥ አሁን ምንም የለም» አላቸው።

ቴስተሩን አዩ። ቀጥሎ እኔን አዩኝ። «እንግዲያስ መምህር፣ እርስዎ እጅዎን አርጥበው ይንኩልኝ» አሉ።

እጄን ባልዲው ውስጥ ነክሬ ወደ ግድግዳው ሄድኩ። የሚያስፈራ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። ሽቦው ሲነቀል ቆሜ አይቻለሁ፤ በረንዳ ላይ ተጠቅልሎ ይታየኛል። ነገር ግን እጄ ግድግዳው ዘንድ ሊደርስ ጣት ሲቀረው ቆመ። ውሃው በክንዴ ላይ ወደ ክርኔ ይወርዳል። ጎረቤቱ ሁሉ ዓይኑን ተክሎብኛል። እትዬ አንጓችን ዘወር ብዬ አየኋቸው፤ አልሳቁብኝም፣ አልተቆጡኝም፤ ይጠብቁኛል። እኔን አንዴ ያቃተኝን እሳቸው በየዓመቱ፣ በስድስት ክፍል ግድግዳ ላይ፣ እየተቆነጠጡ ሲሠሩት መኖራቸው ያን ጊዜ ገባኝ። አፈርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ መዳፌን ለጠፍኩት።

ግድግዳው ቀዝቃዛ ነበር፤ ሌላ ምንም የለም።

እትዬ አንጓች ግን ጭቃውን ገና አልነኩትም። ባልዲውን በእግራቸው ወደ ወይዘሮ ዘሃራ ገፋ አደረጉና፣

«በሉ እሜቴ ዘሃራ፣ አሁን ደግሞ እርስዎ ይንኩልኝ» አሉ።