የብራምስዴን የሙታን ጉዳይ ሚኒስትር

መጠጥ ቤት የሌለው የእንግሊዝ መንደር አይጠፋም፤ ቄስ የሌለውማ ዛሬ ሞልቷል። ዘር ቆጣሪ የሌለው መንደር ግን ተፈልጎ አይገኝም። የራሱን ዘር ቆጥሮ ሲጨርስ ወደ ጎረቤት የሚሻገር፣ ኪሱ በማጉያ መነጽር የተወጠረ፣ ሕያዋንን ሰላም የሚለው በሙታን በኩል ዞሮ የሆነ አንድ ሰው የትም አለ። “እንዴት አደርክ?” አይልም። “የቅድመ አያትህም እግር እንዳንተ ሸፋፋ ነበር” ይላል።

ብራምስዴን ውስጥ ይህ ሰው ክሌመንት ጋሮድ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የትራክተር ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ሙታንን መፍታትና መግጠም የጀመረ ሽማግሌ ነው። መንደሩ “ክቡር የሙታን ጉዳይ ሚኒስትር” የሚል ማዕረግ ሰጥቶታል። ክቡርነታቸው በብስክሌት ነው የሚንቀሳቀሱት። ከብስክሌቱ ኋላ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ታስሯል፤ በቆርቆሮው ውስጥ ፎቶዎች አሉ፤ ቆርቆሮው ሲንኳኳ የሰማ ሰው በጓሮ በር ይወጣል።

ሠርግ ላይ ሙሽራዋን ጉንጯን ስሞ፣ “እንኳን ደስ ያለሽ። ባልሽ በእናቱ በኩል ይዛመድሻል፤ ግን አይዞሽ፣ ራቅ ይላል” ብሏታል። ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ፣ አፉን እንደከፈተ የሐኪሙን የአያት ስም ጠይቋል። ቀብር ላይ ከሟች ቤተሰብ ቀድሞ ይደርሳል። ለሟቹ እንደማንም ሰው ያዝናል፤ ነገር ግን በዘር ሐረጉ ላይ ክፍት የነበረው የሞት ቀን ቦታ በመሞላቱ ዓይኑ ውስጥ ብልጭ የምትለዋን ነገር መደበቅ ሆኖለት አያውቅም።

“ሬጅ፣ ቅድመ አያትህ በግ ሰርቆ በመርከብ ወደ አውስትራሊያ ተግዟል” አለው አንድ ቀን የመጠጥ ቤቱን ባለቤት ሬጅ ቶቬልን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

“በጉንስ አገኘኸው?” አለ ሬጅ ብርጭቆ እየወለወለ። “ካገኘኸው ለእሑድ ምሳ እፈልገዋለሁ።”

የክቡርነታቸው ዋና ሕግ አንድ ነበር፤ እጅ። “ፊትን ተዉት” ይላል ፎቶውን ወደ መብራቱ እያስጠጋ፣ “ፎቶ አንሺ ፊት ሲቆም ሰው ሁሉ ጌታ ይመስላል። እጁን እዩ። እጅ መዋሸት አልተማረም።” ደግሞም እውነቱን ነው፤ ስም የሌላቸውን ሴቶች እጃቸውን ብቻ አይቶ ላም አላቢዋን ከልብስ ሰፊዋ ሲለይ የሰማ ሁሉ አፉን ይዞ ነበር የሚቀረው። አፈር የሆነች አንዲት ጣት፣ ያቺ የመርፌ ጠባሳዋ ብቻ ሳትቀበር ቀርታ፣ ከማጉያው ሥር ድንገት ብልጭ ትላለች።

ከአሥራ ዘጠኝ መቶ ወዲህ ያለው ግን ለእሱ ወሬ እንጂ ታሪክ አይደለም። የራሱን ልደት ፈልጎ አያውቅም። “መቼ እንደተወለድኩ አውቃለሁ፤ እዚያው ነበርኩ” ይል ነበር።

ይህን ሲል እህቱ አይቪ ሁልጊዜ ሻይዋ ላይ ታቀረቅራለች።

አይቪ በስምንት ዓመት ትበልጠዋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከወንድሟ ቤት በሁለት በር ርቃ ነው የምትኖረው፤ አሳጥራ ክሌም የምትለው ወንድሟ በየቀኑ እየመጣ ያገኛቸውን ሙታን ሲያስተዋውቃት በትዕግሥት ትሰማዋለች። መንደሩ “አይቪ ቅድስት ናት” ይላል። ቅድስናዋ ግን ግማሹ ፍርሃት ነው።

ፍርሃቷ ከክሌም ምድጃ በላይ ቆሟል። ከመጫወቻ ካርታ የማይበልጥ ፎቶ ነው። አባታቸው ከድርቆሽ ጋሪው አጠገብ ቆሞ በሱፍ ሻል የተጠቀለለ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፏል። ክሌም አራት ዓመቱ ሳለ ወደ ፎቶው ጠቁሞ፣ “ይሄ እኔ ነኝ፣ አይደል?” ብሎ እናቱን ጠየቃት። እናቱ የከሰል ባልዲውን አንስታ ወጣች። ልጁም አዎ ያለችው መሰለው።

አላለችም። ሕፃኑ ሌላ ልጅ ነበር። በጋሮዶች ቤት የበኩር ወንድ ልጅ ክሌመንት ነው የሚባለው፤ ከሞተ፣ ቀጥሎ የሚወለደው ስሙን እንደ ኮት ይወርሳል። የፎቶው ክሌመንት በትክትክ ሞተ። ከሦስት ዓመት በኋላ ይኼኛው ተወለደ፤ አባትየውም ስሙ አይጠፋም ብሎ አስጠመቀው። እናታቸው አይቪን ጓዳ ጠርታ፣ “ለዚህኛው እንዳትነግሪው” አለቻት። አይቪ ያን ጊዜ እናቷን ሁለተኛ ጊዜ እንድትናገር የምታደርግ ልጅ አልነበረችም፤ ሰባ ስድስት ዓመት ዝም አለች።

ክሌም ደግሞ ይህን ልማድ ከማንም በላይ ያውቃል። “ከአንዲት እናት ሦስት ክሌመንት አገኘሁ!” ብሎ አንድ ቀን እየሳቀ ገብቷል። “ድሮ ሰው ስም አያባክንም ነበር፣ አይቪ።” ያን ቀን ድንች ስትልጥ ጣቷን ቆረጠች።

በመከር በዓል የመንደሩ አዳራሽ የድሮ ፎቶዎች ሊያሳይ ሆነ። ክሌም ያቺን ፎቶ ከተማ ወስዶ በር በምታህል ወረቀት አሳተማት።

“ሌላ ስጣቸው” አለችው አይቪ። “የአክስት ኢዲትን የዝይ ፎቶ ስጣቸው። ሰው ዝይ ይወዳል።”

“ዕድሜዬን የሰው ፎቶ ሳሳይ ኖሬ አንድ ቀን የራሴን ባሳይ ምን አለበት?”

በበዓሉ ቀን አይቪ አዳራሹ ሄዳ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ የተሰጣትን የአሳማ ሥጋ ፓይ ሳትነክሰው በእጇ ያዘች።

ክሌም ከረባት አስሯል። በሸምበቆ ዱላው ፎቶውን እየነካ፣ “ወዳጆቼ፣ ፊቱን ተዉት” ብሎ ጀመረ፤ ሰውም ነገሩን ስለሚያውቀው አብሮት፣ “እጁን እዩ!” አለ። ሳቅ ሆነ። “ይህ የአባቴ እጅ ነው። የድርቆሽ መክተፊያው የግራ እጁን ሁለት ጣት ንጉሡ በሞቱበት ክረምት እንደበላው ሁላችሁም ታውቃላችሁ...”

ታሪኩን ያውቁታል። ውሻው ጣቶቹን ይዞ እንደሮጠ፣ አባትየውም “ተውት፣ እሱም ይብላ እንጂ” እንዳለ ክሌም በየዓመቱ መጠጥ ቤት ውስጥ ያወራዋል። ራሱ የተወለደው ከዚያ ክረምት ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው።

ዱላው ወደ ሻሉ ወረደ። በትንሿ ፎቶ ላይ ከሻሉ ጥላ ጋር የሚመሳሰለው ግራ እጅ አሁን የዳቦ መጋገሪያ ያህል ሰፍቶ በሕፃኑ ጀርባ ላይ ተዘርግቷል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።

ዱላው ቆመ።

“ምነው ሚኒስትር?” አለ ሬጅ ከመሀል። “አባትህ ጣት አበቀሉ እንዴ?”

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ክሌም አልሳቀም። ዓይኑ በሰው ራስ ላይ ተሻግሮ እህቱን ፈለገ፤ አገኛትም። አይቪ ዓይኗን አልሰበረችም፤ ሰባ ስድስት ዓመት የሰበረችው ይበቃል መሰላት። እሱም ከፊቷ ላይ ያነበበውን አነበበ። ከዚያ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወጣ። ቆርቆሮውን እንኳ ረስቶት።

ከዚያ ወዲያ ብራምስዴን ጸጥ አለ። ሰው ወደ መቃብር ቦታው ሲሄድ የሚያቆመው የለም፤ የሐኪም ወረፋ ላይ የማንም ቅድመ አያት አይነሣም። መጀመሪያ ሁሉም ተንፈስ አለ። ቆየት ብሎ ግን መንደሩ አንድ ጥርሱ የወለቀ ሰው ሆነ፤ ምላሱ ያን ክፍት ቦታ ዝም ብሎ ይነካካል።

ሬጅ ቆርቆሮውን አቅፎ አይቪ በር ላይ መጣ።

“ሰውየው ታመመ እንዴ፣ ወይዘሮ አይቪ? እኔ እኮ ቀልድ ነው የተናገርኩት።”

“አንተ ምንም አላደረግህም።”

“እንግዲያው ይላኩልኝ። መጥቶ አያቴን ይስደብ። ቢራውን እኔ ነኝ የምቀዳለት።” ቆርቆሮውን ሊሰጣት ዘረጋና መልሶ ወደ ደረቱ አስጠጋው። “ማታ ማታ ከፍቼ አየኋቸው። ማን ማን እንደሆኑ አላውቅም። ሁሉም ግን ያዩኛል።”

ክሌም የመጣው ፖም በሚለቀምበት ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። በጓሮ በር ገባ። አይቪ ፖም እየላጠች ነበር። ኮቱን ሳያወልቅ ከፊቷ ተቀመጠ።

“ስሙ ማን ነበር?”

“ታውቀዋለህ።”

“ካንቺ አፍ ልስማው።”

“ክሌመንት” አለች። ወንድሟን ከተወለደ ጀምሮ ክሌም ስትል ነው የኖረችው፤ ያልተቆረጠው ስም አፏ ውስጥ የሌላ ሰው ነበር።

“የት ነው?”

“ከአያታችን ጋር፣ መቃብር ቦታው ካለው ጥድ ሥር። ድንጋይ የለውም።”

“ጥዱ ላይ እኮ ነው ብስክሌቴን የማስደግፈው።”

“አውቃለሁ።”

ክሌም መዳፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አያቸው። ሰፋፊ፣ የሞተር ዘይት ለዘላለም የገባባቸው እጆች ናቸው።

“የኔስ ፎቶ?”

“የለህም። ከዚያ በኋላ ፎቶ አንሺ ግቢያችን አልገባም፤ እማማ አላስገባችም።” አይቪ ቢላዋውን አቁማ ቀና አለች። “ግን እኔ አይቼሃለሁ። ቀይ ነበርክ። ከጎረቤት እስኪሰማ ትጮህ ነበር። ዳሌዬ ላይ አድርጌ ማሳ ድረስ ስሸከምህ ነው ይሄ ወገቤ የተጣመመው። ዶሮ ትፈራለህ።”

“ዶሮ?”

“እስካሁን ትፈራለህ።”

ከንፈሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ሳይሆን ቀረ።

“እማማ ስሜን ጠርታኝ አታውቅም፣ አይቪ። ልጁን ጥሪው፣ ልጁ ይብላ፣ ልጁ ጫማውን ያውልቅ። ልጁ፣ ልጁ። እኔ ጠንካራ ሴት ናት እል ነበር። ለሰውም እንዲያ ብዬ ነው የማወራላት።” ድምፁ ወረደ። “ያን ስም አንድ ቀን እንኳ ጠርታው ታውቃለች?”

አይቪ አንድ ቀን ሰምታለች። ልብስ ማጠቢያው ቤት ውስጥ ነበር። እንፋሎቱ ጣሪያውን ሸፍኖታል፤ እናቷ ትልቁ ጋን ላይ አጎንብሳ ልብሱን በእንጨት ታማስላለች። ብቻዋን የሆነች መስሏት፣ ትኩስ ነገር በምላሱ ጫፍ እንደሚቀምስ ሰው በቀስታ፣ “ክሌመንት” አለች። ቆየት ብላም እንደገና። ከኋላዋ በልብስ ቅርጫቱ ውስጥ አዲሱ ልጅ የልብስ መቆንጠጫ እያኘከ ተቀምጧል። ፊቷ ግን ወደ መስኮቱ ነበር፤ ከመስኮቱ ደግሞ ጥዱ ይታያል። አይቪን በር ላይ ስታያት አፏን ዘጋች፤ እድሜዋንም ሙሉ እንደዘጋችው ቀረች። ማንን እንደጠራች አይቪ ዛሬም አታውቅም።

“ጠርታሃለች” አለችው። “ልብስ ስታጥብ። ሁለቴ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።”

“ማንን ነበር?”

“አንተን ነዋ። ቅርጫቱ ውስጥ ተቀምጠህ ነበር። ጠራችህና ዞራ አየችህ።”

ክሌመንት ጋሮድ ኮቱን ማውለቅ ጀምሮ አንድ እጁ እጅጌው ውስጥ እንዳለ ቆመ።

“ዞራ?”

“ዞራ” አለች አይቪ።