የላቁ ተጠቃሚዎች መሥሪያ ቤት

ስመ ጥሩው መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተሮቹን ሊኑክስ ወደሚባለው በነፃ የሚገኝ ማስኬጃ ሥርዓት ሊያዞር በወሰነ ጊዜ፣ እንደ ደንቡ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴውም ቅጽ አዘጋጀ። ሊኑክስ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ለጀማሪ የሚስማማ አለ፣ ለላቀ ተጠቃሚ የሚስማማም አለ። ስለዚህ ቅጹ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ «ጀማሪ ነዎት ወይስ የላቀ?»

ኢሜይላቸውን በሰው የሚያስከፍቱት ሥራ አስኪያጃችን «የላቀ» ላይ ምልክት አደረጉ። አለቃው የላቀ ከሆኑ ምክትሉ ጀማሪ ሊሆን አይገባምና እሱም ላቀ። ዘበኛው እንኳ ላቀ፤ ኮምፒውተር የለውም፣ ግን ከሰው ማነስ አልፈለገም። እኔም ልቄያለሁ፤ ሰው ነኝ።

«ጀማሪ» ያለችው ጸሐፊዋ ብቻ ነች።

«ኧረ እትዬ፣ አታዋርጂን! ሃያ ዓመት ጽፈሽ ጀማሪ?» አላት የኮምፒውተር ባለሙያው።

«ሊኑክስ አላውቅማ! ታዲያ ምን ልበል?»

እንደ ቅጣት የጀማሪው ተጫነላት። ለእኛ ግን ትእዛዝ ቃል በቃል እየተጻፈለት የሚሠራው፣ አዋቂ የሚፈተንበት ተጫነ። በማግስቱ የአርባ ኮምፒውተር መስኮት ጥቁር ሆኖ፣ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም እያለች ትእዛዝ ትጠብቅ ጀመር። የሚያዛት ጠፋ። መጠየቅም አይቻልም፤ የላቀ ሰው ይጠይቃል እንዴ? ግንባራችንን ቋጥረን ሰረዟን ስናይ ሰነበትን። ባለሙያው «መመሪያውን አንብቡ» እያለ ያልፋል፤ መመሪያው ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው።

ዓርብ ከሰዓት የዓመቱ ሪፖርት በአስቸኳይ ተጠየቀ። የላቁት ሁሉ በእስክሪብቶ የሞነጫጨሩትን ይዘው ጸሐፊዋ በር ላይ ተሰለፉ።

«የእኔ እንኳ ይሠራል» አለ ምክትሉ፣ «አንቺ እንዳትቦዝኚ ብዬ ነው።»

«አምጣው» አለች። የሁሉንም ጻፈች፣ አተመች፣ ላከች።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ሰበሰቡን።

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው! ጸሐፊያችን ብቃቷን አስመስክራለች። ከዛሬ ጀምሮ የላቀ ተጠቃሚ ነች!»

አጨበጨብን።

«ኮምፒውተሬስ?» አለች።

«የላቀ ሰውማ በጀማሪ ዕቃ አይሠራም። እሱ ወደ እኔ ቢሮ ይዛወር፤ የእኔ ላንቺ ይምጣልሽ።»

 እኔም ከሰው ጋር እንደገና አጨበጨብኩ። የዕድገቱ ደብዳቤ በዚያው ቀን እጇ ገባ። የጻፈችውም ራሷ ነች፤ ኮምፒውተሩን ነቅለው ሊወስዱ የመጡት ሰዎች በሩ ላይ ቆመው እየጠበቋት።