የጋሽ ደመላሽ ቀይ ሻጋታ

እናንተ ሰፈር ያገኘውን ሁሉ ካላሻሻለ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው አለ? ጭሮ እኛ ሰፈር አለ፤ ጋሽ ደመላሽ ይባላል። ሩዝ ላይ የሚያድግ ሻጋታ ለምግብ የሚሆን ቀይ ቀለም እንደሚሰጥ ስልኩ ላይ አየ። አየ ማለት ጀመረ ማለት ነው! ዘሩን ከውጭ አስመጥቶ የተቀቀለ ሩዝ ላይ ዘራው። የጭሮ ብርድ አልስማማው ብሎ ሻጋታው ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«ሙቀት ነው ያጣው» አለና ሩዙን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ታቅፎ፣ ቆላ ቦርደዴ እህቱ ቤት ሊያከርመው ሚኒባስ ተሳፈረ።

«ወንድ ነው ሴት?» አለችው አጠገቡ የተቀመጠች ሴት።

«ሻጋታ ነው። መስኮቱን ዝጊልኝ፣ ብርድ እንዳይመታው።»

እውነትም ቦርደዴ ላይ ደም መሰለ። ጋሽ ደመላሽ ጭሮ ይዞት ተመልሶ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ፣ በርበሬ ያልነካውን ነጭ ሽሮ በሻጋታው አቅልቶ አቀረበልን። ጎረቤታችን ፋጡማ ውሃዋን በአንድ እጇ ይዛ ጎረሰች። ማቃጠሉን ጠበቀች። ውሃውን መልሳ አስቀመጠች።

«ወላሂ ጋሼ፣ ዓይኔ ፈርቶ ነበር፤ ምላሴ ግን ምንም አልሰማም። በርበሬው የታለ?»

«የለውም እኮ! ቀለሙ የተፈጥሮ ነው!»

ሚስቱ እትዬ አልማዝ ድስቱን እሳት ላይ መለሰች፤ በርበሬ ጨምራ አማሰለችው።

«ይኸው» አለች፣ «አሁን ቀላ።»