አንድ አልጋ፣ ሁለት ቆዳ

በየቤቱ በሽታ የሚወደው አንድ ሰው አለ። እናንተም ቤት አይጠፋም። ጉንፋን ሰፈሩን ሳይረግጥ እሱን ቀድሞ ያስነጥሰዋል፤ አሥር ሰው የበላው ምግብ እሱን ብቻ ለይቶ ያስቀምጠዋል። እንደዚሁም ምንም የማይነካው ሰው አለ፤ እሱ ደግሞ ወሬ ያበዛል። በእኛ ቤት የማይነካው እኔ ነኝ።

አምና ከባለቤቴ ከእጅጋየሁ ጋር ለተዝካር የእናቷ አገር፣ ወሎ ደጋ ወጥተን ነበር። እሷ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ የድሬዳዋን ሙቀት ስታማ የኖረች ሴት ናትና ብርዱን ወደደችው። ያረፍንበት ቤት ሽኮኮ ከሚርመሰመስበት ገደል ሥር ነው። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን፣ አንድ ብርድ ልብስ ለብሰን፣ ጠዋት ሁለታችንም እያከክን ተነሣን። “ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል” ብዬ ቀለድኩ።

ድሬዳዋ ከተመለስን ከወራት በኋላ ጉንጯ ላይ ብጉር የምታህል ነገር ወጣች። ናቅናት። እየሰፋች ሄዳ ቆሰለች፤ አታምም፣ አትድንም። የወሎ ዘመዶቿ በስልክ “ቁንጭር ነው፤ የሌሊት ወፍ ሸንቶባት ነው” ብለው ፈረዱ። ታዲያ አጠገቧ የተኛሁት እኔስ? የሌሊት ወፍ ሰው ታማርጣለች እንዴ?

እጅጋየሁ ግን ቀልዴን አልሰማችም። መጀመሪያ ብርጭቆዋን ለየች። ቀጥሎ ትራሷን ይዛ፣ አግብተው የወጡት ልጆቻችን ክፍል ገባች። “ወደ አንተ እንዳይሻገር” አለችኝ። በዚያ ሙቀት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ስትሻገር ሰላምታ እንኳ ሳትመልስ ታልፋለች። እሷ፣ ለሰላምታ ብቻ ግማሽ ቀን የማይበቃት! እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልጋው ሰፋኝ። ቁስሉ ይድናል ብዬ አምን ነበር፤ የፈራሁት እንደተለየችኝ እንዳትቀር ነው።

ሐኪም ቤት ያስገባቻት ጎረቤታችን ፋጡማ ናት። ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አየችና፣ “አቦ! ‘በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም’ የምትሉት እናንተ አይደላችሁም እንዴ? ተነሺ፣ አብሽሪ!” አለቻት።

ሐኪሟ የልጆቻችን እኩያ የምትሆን ወጣት ናት። ከቁስሉ ጠርዝ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ታየ፤ በእርግጥም ቁንጭር። የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ተሸክሞ የሚያደርሰው ደግሞ የአሸዋ ዝንብ የሚሉት ደቃቅ በራሪ። የሌሊት ወፏ በነፃ ተሰናበተች። “በብርጭቆም ሆነ በትራስ አይተላለፍም፤ ሕክምናም አለው” አለች ሐኪሟ።

እጅጋየሁ ነጠላዋን መልሳ ተከናነበች። የእኔ ምላስ ግን መቼ ያርፋል? “ዶክተር፣ እኔ ለምን ተረፍኩ? ደሜ ጠንካራ ሆኖ ነው?”

“ጋሼ፣ ሰውነታችንን የሚጠብቁ ሕዋሶች ላይ ተቀባይ የሚባሉ ነገሮች አሉ። ተሕዋሱን ዳስሰው የሚለዩት እነሱ ናቸው። ከወላጅ ስለምንወርሳቸው የአንዱ ከሌላው ይለያል። የአንዱ ቶሎ ለይቶ ያስይዘዋል፣ የሌላው ይዘገያል፣ የሌላው ደግሞ ሰውነቱን አጥብቆ ሲያታግል የገዛ ቆዳውን ያቆስላል። ነገሩ ገና ተጠንቶ አላለቀም።”

ለአያት ቅድመ አያቶቼ በልቤ ምስጋና አቅርቤ ደረቴን ነፋሁ።

“ግን እርስዎንም ነክሶዎት ከሆነ ተሕዋሱ ገብቶ ይሆናል” አለች ቀጥላ። “ምልክት ሳያሳይ ድምፁን አጥፍቶ ሊቀመጥ ይችላል።”

ደረቴ ተነፈሰ። አንገቴን ስዳብስ፣ ክንዴን ሳገላብጥ፣ ከጎኔ ሳቅ ሰማሁ። እጅጋየሁ ናት። ከስንት ወር በኋላ! ነጠላው ከፊቷ ወርዷል፤ አልመለሰችውም።

“ሠላሳ ስድስት ዓመት ሁሉን ተካፍለን፣ ይሄን ብቻዬን የያዝኩት መስሎኝ ነበር እኮ” አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

በዚያው ቀን ትራሷን ይዛ ተመለሰች። ከብዙ መርፌ በኋላ ቁስሉም ዳነ፤ ጉንጯ ላይ ትንሽ ጠባሳ ቀርታለች፣ እኔ እወዳታለሁ። የእኔ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ቆዳዬን እመረምራለሁ፤ ምንም ሳጣ፣ አትሳቁብኝና፣ ትንሽ ቅር ይለኛል።